አጎቴ «ይፈቀድ» ይላሉ፣ እኔ «ይከልከል» እላለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ ቲኬት ይቆርጣል

የጠያቂያችን ደብዳቤ ረዘም ያለ በመሆኑ አሳጥረን አቅርበነዋል።

«የሃያ ስድስት ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ለዓመታት በስልኩ ሲቋመር ማናችንም አላወቅንም። ያወቅነው አበዳሪዎች ለወላጆቻችን መደወል ሲጀምሩ ነው። ቤተሰቡ ተረባርቦ ዕዳውን ከፈለ፤ እሱም ምሎ ተገዝቶ መተግበሪያዎቹን ከስልኩ አጠፋ። ባለፈው ወር ግን ስልኩ ላይ የውርርድ ቲኬት መልእክት ሲገባ አየሁ። እንዳየሁ አልነገርኩትም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የኦንላይን ቁማርን ሕጋዊ አድርጎ ለመቆጣጠር በቀረበ ረቂቅ ላይ የሙያ ማኅበራችን አስተያየት እንዲሰጥ ተጋብዟል። ጽሑፉን እንዳዘጋጅ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ‹ሙሉ በሙሉ ይከልከል፤ የሚጫወትም ይቀጣ› ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ አይተውት ‹የተከለከለ ነገር የት ጠፍቶ ያውቃል? ይፈቀድ፣ ታክስ ይክፈሉ፣ በታክሱ ትምህርት ቤት ይሠራ› አሉኝ። መልስ አጣሁ። በጽሑፉ ውስጥ የወንድሜን ታሪክ ስሙን ሳልጠቅስ አስገብቻለሁ፤ አጥፍቻለሁ? እሱ ደግሞ ሰሞኑን ‹ለመጨረሻ ጊዜ› ብሎ ብድር ጠይቆኛል። ምን ልበለው?»

እህትየዋ

እህቴ፣

ከአጎትሽ ልጀምር። መደምደሚያቸውን እቀበላለሁ፤ ምክንያታቸውን ግን ጨርሶ አልቀበለውም። የቁማር ሕግ የሚመዘነው ካዝናው ስንት አገኘ ተብሎ አይደለም። «ከዛሬ ጀምሮ አታጫውቱኝ» ያለ ሰው ቃሉ ይከበርለታል ወይ ተብሎ ነው። ቀሪው ክርክር ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ይመስለኛል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ግን መጀመሪያ ላንቺ ወገን ልቁም። «የተከለከለ ነገር የት ጠፍቶ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ አፍ ያስይዛል እንጂ ሙሉ እውነት አይደለም። ኖርዌይ በ2007 ሕዝብ በሚበዛበት ሁሉ ተተክለው የነበሩትን የቁማር ማሽኖች ከያሉበት ነቅላ አወጣች። ለቁማር ችግር ወደተከፈተው የእርዳታ መስመር የሚደውለው ሰው ቁጥር ቀነሰ፤ ማሽኑን ያጣው ሰውም በገፍ ወደ ሌላ ቁማር ሲጎርፍ አልታየም። መንግሥታዊው የቁማር ድርጅት በ2009 አዳዲስ ማሽኖች ሲተክል በግል ካርድ ብቻ የሚሠሩና የኪሳራ ጣሪያ ያላቸው አድርጎ ነው። ስለዚህ ክልከላ አይሠራም የሚል ሰው ሲገጥምሽ «እንደ ነገሩ ነው» ማለት ትችያለሽ። ማሽን ቦታ አለው፤ ይነቀላል፣ በመኪና ይጫናል፣ ይወሰዳል። የስልኩ ቁማር ግን ድርጅቱ በአንዲት ደሴት ተመዝግቦ፣ ሰርቨሩ ሌላ አገር ተቀምጦ፣ የደንበኞች አገልግሎቱ ከሦስተኛ አገር እየመለሰ የሚሠራ ነው። ድረ ገጹን ብትዘጊው በማግስቱ አንድ ፊደል ለውጦ ይከፍታል።

በዚህ ዘመን ክልከላ ጥርስ እንዲኖረው ከተፈለገ መያዝ ያለበት ገንዘቡ የሚተላለፍበትን መስመርና ማስታወቂያውን ነው። ህንድ በኦገስት 2025 ያወጣችው ሕግ በዚህ በኩል ልብ ሊባል ይገባዋል። በገንዘብ የሚካሄዱ የኦንላይን ጨዋታዎችን በሙሉ ከለከለ። የሚቀጣው ግን አጫዋቹን ድርጅት፣ ማስታወቂያ የሚሠራለትንና ገንዘቡን የሚያስተላልፍለትን ነው። ተጫዋቹን አይቀጣም።

አሁን ወደ ራስሽ ጽሑፍ ተመለሺ። «የሚጫወትም ይቀጣ» የሚለውን መስመር ሰርዢው። ይቅርታ አድርጊልኝና ይህ መስመር የተጻፈው ለአገር አይደለም፤ ለወንድምሽ ነው። ብትናደጂበት አልፈርድብሽም። ግን እስቲ አስቢው፦ መጫወቱ ወንጀል ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ የደበቀው ልጅ ጨርሶ ትንፍሽ ይል ነበር? ዕዳውን ለማን ይናገር ነበር? ባንክ ሄዶ «እባካችሁ ካርዴን ለቁማር ዝጉልኝ» ማለት ራሱ ጥፋትን ማመን ይሆንበታል። ለእርዳታ የሚደወልበት ስልክ የፖሊስ ስልክ መስሎ ይታየዋል። ተጫዋቹን የሚቀጣ ሕግ ድርጅቶቹን አያስፈራቸውም፤ እንዲያውም የተበደለ ደንበኛ እንዳይከሳቸው ጋሻ ይሆናቸዋል።

ፈቃድ ወደሚለው ወገን ያዘነበልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተበደለ ሰው የሚሄድበት ያስፈልገዋል። አሜሪካ በ2006 ባንኮች ለሕገ ወጥ የኦንላይን ቁማር ገንዘብ እንዳያስተላልፉ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ትልልቆቹ የፖከር (የካርታ ቁማር) ድረ ገጾች መንገድ ፈልገው ቀጠሉ። ኤፕሪል 15፣ 2011 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የሦስቱን ግዙፎች ድረ ገጾች በአንድ ቀን ያዘ። ከሦስቱ አንዱ ፉል ቲልት ፖከር ይባል ነበር። ሒሳቡ ሲገለጥ በመላው ዓለም ላሉ ተጫዋቾቹ 390 ሚሊዮን ዶላር ያህል መክፈል ነበረበት፤ ባንክ ያለው ግን 60 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። አካውንቱ ላይ ቁጥሩን እያየ «ገንዘቤ አለ» ሲል የነበረው ሰው ሲያይ የኖረው ቁጥሩን ብቻ ነው። አሜሪካውያኑ ተጫዋቾች ገንዘባቸው መመለስ የጀመረው በ2014 ነው።

እዚህ ላይ አጎትሽም ልብ ቢሉት የምወደው ነገር አለ። ያ ድርጅት ፈቃድ አልነበረውም እንዳይመስላቸው፤ ነበረው፣ ከአንዲት ትንሽ ደሴት ያገኘው። ስለዚህ «ፈቃድ ያውጡ» ማለት ብቻውን ወሬ ነው። ፈቃዱ ተጫዋቹ ከሚኖርበት አገር መሆን አለበት፤ አለዚያ አቤቱታሽን የሚሰማ ሹም የለም። ብሪታንያ ይህን ያስተካከለችው በ2014 ነው። ድርጅቱ የትም ይቀመጥ የት፣ ለብሪታንያ ነዋሪ የሚሸጥ ከሆነ ከብሪታንያው የቁማር ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ሆነ።

ወደ ታክሱ እንምጣ። ከአጎትሽ ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያዋጣሽ መልስም እዚሁ አለ። የብሪታንያ የላይኛው ምክር ቤት (የሎርዶች ምክር ቤት) ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ዘገባ ከቁማር ኢንዱስትሪው ትርፍ 60 በመቶው የሚመጣው ከ5 በመቶው ደንበኛ እንደሆነ ገልጿል። እነዚያ 5 በመቶዎች ደግሞ ወይ የቁማር ችግር ውስጥ የገቡ፣ ወይ ለመግባት አፋፍ ላይ ያሉ ናቸው። ቅዳሜ አንድ ጊዜ ለቀልድ የሚያስይዘው ሰው ለድርጅቱ ትርፍ ሲጨምር ከቁጥር አይገባም። ትርፉ ወንድምሽ ነው። ታክሱ የዚያ ትርፍ ድርሻ ከሆነ ትምህርት ቤቱን የሚሠራው ማን እንደሆነ ለአጎትሽ በትሕትና ጠይቂያቸው። አሳፍሪያቸው ማለቴ ግን አይደለም፤ ብዙ ቅን ሰው ያላየው ነገር ነው።

ጣጣው እዚህም አያበቃም። ካዝናው ይህን ገቢ አንዴ ከለመደ በኋላ «የኪሳራ ጣሪያ ይኑር» የሚል ደንብ ሲመጣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ የገንዘብ ሚኒስቴር ይሆናል። ጣሪያው በትክክል ከሠራ ገቢው ይቀንሳልና። ስለዚህ ታክስ ይኑር፤ ለመፍቀድ ግን ምክንያት አይሁን፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በጀቱ ከቁማሩ መጠን ጋር አብሮ የሚያድግና የሚቀንስ አይሁን።

መፍቀድ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ለማየት ብራዚልን ተመልከቺ። በ2018 የስፖርት ውርርድን ሕጋዊ አደረገች፤ ዝርዝር ደንቡ ግን ለዓመታት አልወጣም። ድርጅቶቹ ከውጭ ሆነው ገቡ፣ የእግር ኳስ ክለቦች ማልያ ላይ ሰፈሩ፣ በዚያ አገር ማንም የሚጠቀምበት ፒክስ የተባለው ፈጣን የክፍያ ሥርዓት ደግሞ ገንዘቡን በቅጽበት ያሻግርላቸው ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ ባወጣው ግምት መሠረት በኦገስት 2024 ብቻ የድሆች ድጎማ ተቀባዮች የሆኑ ሰዎች ወደ 3 ቢሊዮን ሪያል የሚጠጋ ለአወራራጅ ድርጅቶች ልከዋል። ልጅ እንዲበላበት የተሰጠ ገንዘብ ነው። ሥርዓት ያለው ገበያ የተከፈተው ጃንዋሪ 1፣ 2025 ነው፦ ፈቃድ ያለው ብቻ፣ ማንነት በፊት ምስል ተረጋግጦ፣ በክሬዲት ካርድ ሳይሆን፣ ለአዲስ ተመዝጋቢ ቦነስ ሳይሰጥ። ነገሩ ጥሩ ነው፤ ግን ስንት ሰው ከከሰረ በኋላ። ረቂቁ «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» የሚል አንቀጽ ካለው ቀይ ቀለም አስምሪበት። መመሪያው ሳይወጣ አንድም ፈቃድ አይሰጥ በዪ።

አሁን አንዲት ትንሽ ነገር ላሳይሽ። ቁማሩ የሚያተርፈው በዚህች በኩል ነው፤ ስለ ክርክሩ ከተጻፈው ብዙ ነገር ይልቅም ታስረዳለች።

በብዙዎቹ መተግበሪያዎች ገንዘብ ማስገባት ሁለት ጊዜ መንካት ነው። ካርዱ ተመዝግቧል፣ መጠኑ ተጽፎ ይጠብቃል፣ ትነኪዋለሽ፣ ገባ። ማውጣቱ ሌላ ዓለም ነው። መታወቂያ ላኪ፣ የአድራሻ ማስረጃ ላኪ፣ «ጥያቄዎ በመታየት ላይ ነው»፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ገንዘቡ አልወጣም፤ እዚያው ስክሪን ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ አጠገቡ ደግሞ «ጥያቄውን ሰርዝ» የሚል ቁልፍ ያበራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ያን ቁልፍ ይነካዋል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምንም የለም። እንዲህ ተደርጎ የተሠራው በስህተት እንዳይመስልሽ። ብሪታንያ ይህን ቁልፍ በ2021 ከለከለችው። በዚያው ደንብ የካሲኖ ማሽን ጨዋታዎች ከ2.5 ሰከንድ በታች በሆነ ጊዜ እንዳይሽከረከሩ፣ በራሳቸው እንዳይደጋገሙ፣ ተጫዋቹ 10 አስይዞ 4 ሲመለስለት ደወል እየደወሉና እያብረቀረቁ «አሸነፍክ» እንዳይሉት አደረገች። የመጨረሻዋን ደግመሽ አንብቢያት፤ ስድስት ለከሰረ ሰው የደስታ ደወል ይደወልለት ነበር።

ቲኬቱም ቢሆን እንደዚያው ነው። ወንድምሽ የእግር ኳስ ዕውቀቱን ይተማመንበት ይሆናል፤ ምናልባትም በእውነት ያውቃል። ሒሳቡ ግን ዕውቀቱን አይጠይቅም። አወራራጁ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ኦድ (ያሸነፈ ሰው ያስያዘው ስንት እጥፍ እንደሚከፈለው ከሚያሳየው ቁጥር) ላይ ለራሱ 5 በመቶ ቢያስቀር፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ያስያዘ ሰው ካስያዘው 100 በአማካይ 95ቱ ይመለስለታል። ስምንት ጨዋታ አጋጥሞ አንድ ቲኬት የቆረጠ ግን 5 በመቶዋ ስምንት ጊዜ ተደራርባበት በአማካይ 66 ገደማ ነው የሚደርሰው። ድርጅቶቹ ረጅም ቲኬት ለሚቆርጥ ቦነስ የሚያክሉት ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ? ከዚያ ሰባቱ ይገባና ስምንተኛው ያበላሻል። «አንድ ጨዋታ ነው ያበላሸብኝ» የሚለው ሰው የከሰረ አይመስለውም፤ ለጥቂት ያመለጠው ነው የሚመስለው። ደግሞ በእውነት ማሸነፍ የሚችል ሰው ቢመጣ ብዙዎቹ ድርጅቶች ማስያዝ የሚችለውን መጠን ቆርጠው ያሳንሱበታል። የሚሸነፈውን ግን የራሱ አስተናጋጅ ይመድቡለታል፣ በልደቱ ቀን ነጻ ውርርድ ይልኩለታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

ስለዚህ ሕጉ ሁሉንም ቁማር በአንድ ዓይን ባያይ እመርጣለሁ። ዘጠና ደቂቃ የሚቆይ ጨዋታ ላይ ማስያዝና በየአምስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚያልቅ ካሲኖ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 የስፖርት ውርርድን የሚከለክለውን የፌዴራል ሕግ ከሻረ ወዲህ ከ35 በላይ ግዛቶች ውርርዱን ፈቅደዋል፤ የኦንላይን ካሲኖን የፈቀዱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኔ ያንን ልዩነት እደግፋለሁ፦ የስፖርቱ በጥብቅ ቁጥጥር ይፈቀድ፤ ፈጣኑ ካሲኖና እየከፈለች ሽቅብ በርራ ድንገት የምትሰወረዋ የአውሮፕላን ጨዋታ አሁን አይፈቀዱ። ስፖርቱም ቢሆን ያለ ጉዳት ነው እያልኩ አይደለም። የኦንላይን ውርርድ በተፈቀደባቸው የአሜሪካ ግዛቶች የግለሰቦች የኪሳራ ማመልከቻ እንደጨመረ ያሳየ ጥናት በ2024 ወጥቷል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ «በቃኝ» ያለ ሰው ነገር። ስዊድን ጃንዋሪ 1፣ 2019 ገበያዋን ስትከፍት በዚያው ቀን አንድ መዝገብ ከፈተች። አንድ ሰው እዚያ አንዴ ስሙን ካስገባ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ሁሉ እንዲያጫውቱት አይፈቀድላቸውም። ለአንድ ወር፣ ለሦስት፣ ለስድስት ወር፣ ወይም ሳይወሰን። ሳይወሰን ያለ ሰው ቢያንስ ዓመት ሳይሞላ ሐሳቡን መቀየር አይችልም። ብሪታንያ፣ ሆላንድና አውስትራሊያም የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። ወንድምሽ መተግበሪያዎቹን ከስልኩ ሲያጠፋ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ግን ብቻውን፣ ሊመልሰውም አንድ ደቂቃ የማይፈጅበት ሆኖ። ጀርመን ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በሁሉም ድርጅቶች ላይ ተደምሮ በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ ማስገባት በመርህ ደረጃ እንዳይቻል ደንግጋለች። አንዱ ድርጅት ጋ ጣሪያው ሲሞላ ወደ ቀጣዩ መሮጥ የለም። ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ ለመግባትም አምስት ደቂቃ ያስጠብቃል። አምስት ደቂቃ ለንዴት ትልቅ ጊዜ ነው።

ሕገ ወጡ ገበያ ግን ይህን ሁሉ አይቶ ዝም አይልም። መዝገቡ ውስጥ የገባን ሰው አሳድደው፣ «እኛ ጋ እገዳው አይሠራም» ብለው በግልጽ የሚያስተዋውቁ ፈቃድ የሌላቸው ድረ ገጾች አሉ። ድርጅቶቹም ይህን ይዘው «ካጠበቃችሁብን ሰዉ ወደነሱ ይሄዳል» እያሉ በየደንቡ ላይ ይሟገታሉ። የሚሉት ውሸት ነው አልልም፤ አጋንነው ግን ይነግዱበታል። መልሱ ደንቡን ማላላት አይደለም። ወደ ሕገ ወጡ የሚወስደውን የክፍያ መንገድ መዝጋት ነው፤ እዚህ ላይ አንቺና የህንዱ ሕግ ትገናኛላችሁ። ስለ ማስታወቂያው ብዙ አልልም። ጣልያን በ2018 ከለከለች፣ ቤልጅየም በ2023 አብዛኛውን አቆመች፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም ከ2025/26 የውድድር ዘመን በኋላ የቁማር ድርጅት ስም ከማልያቸው ፊት ለፊት እንዲነሳ ተስማምተዋል። ሊተው የሚታገልን ሰው በየእረፍት ሰዓቱ የሚጠራው ማስታወቂያ ነው፤ ይከልከል በዪ፣ ቦነሱም አብሮ።

እንግዲህ ጽሑፍሽን እኔ ብጽፈው «ይከልከል» ወይም «ይፈቀድ» ብዬ አልጀምርም። ረቂቁ ውስጥ ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ከሁሉም የሚታገድበት መዝገብ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ገንዘብ ማውጣቱ እንደ ማስገባቱ ቀላልና የማይሰረዝ ነው? በብድር፣ በክሬዲት ካርድ ማስያዝ ተከልክሏል? (ብሪታንያ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ከልክላለች።) ባንኩ ፈቃድ ወደሌለው ድርጅት የሚሄደውን ክፍያ እንዲያግድ ግዴታ አለበት? እነዚህ ከሌሉ ማኅበራችን ረቂቁን ይቃወማል፤ ካሉ የስፖርት ውርርዱን ብቻ በሚመለከት ይቀበላል። ይህን ብትጽፊ አጎትሽም የሚቀየሙሽ አይመስለኝም። የታክሱን አንቀጽ ግን አብራችሁ አታርቅቁት።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። የትኛውም ሕግ ቢወጣ ለእሱ በጊዜ አይደርስለትም። ዛሬ ከሁሉ በፊት ልትነግሪው የሚገባው ነገር መልእክቱን እንዳየሽ ነው። ሰው ባለበት ሳይሆን ለብቻው። «ዋሸኸን» ብለሽ አትጀምሪ፤ «የቲኬት መልእክት አይቻለሁ፤ ስንት ዕዳ አለብህ?» በዪው። ስንት እንደተጫወተ ሳይሆን ስንት ዕዳ እንዳለበት። የመጀመሪያው መልሱ ሙሉውን ላይሆን እንደሚችል ጠብቂ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በሕመም መለያ መጽሐፋቸው ውስጥ ይህን ነገር ከ2013 ጀምሮ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ መድበውታል፤ ወደ ቁማሩ መመለሱም ከሱስ ጠባይ የመጣ እንጂ መሐላው ከመጀመሪያው የውሸት ስለነበረ ላይሆን ይችላል። በንግግር የሚሰጥ ሕክምና አለው፣ ይጠቅማልም፤ ባለሙያ ፈልጊለት።

አንድ ነገር ሳትፈሪ ጠይቂው፦ ሕይወቱን እስከመጥላት ደርሶ እንደሆነ። በቁማር ዕዳ ጥግ የያዘ ሰው እዚያ ሊደርስ ይችላል፤ መጠየቅሽ ሐሳቡን አይጨምርበትም፣ ብቸኝነቱን ነው የሚቀንስለት። «አዎ» ካለሽ ስለ ገንዘብ ማውራቱን ተዪውና ብቻውን ሳትተዪው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰጂው።

ብድሩን አትስጪው። «ለመጨረሻ ጊዜ» ያለው ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ እጁ ላይ የገባው ገንዘብ ግን ያጣሁትን ላስመልስ ወደሚለው ሐሳብ ነው የሚሄደው። ባለፈው ጊዜ ቤተሰቡ ዕዳውን ጠቅልሎ ከፈለ፣ በማግስቱም አካውንቱ እንደ አዲስ ነጻ ሆነለት። አሁን የሚያስቸግረው አበዳሪ ካለ ገንዘቡ በእሱ እጅ ሳያልፍ ለአበዳሪው በቀጥታ ክፈሉ፣ ያውም በየወሩ ተከፋፍሎ፣ እሱም ከደመወዙ እያዋጣ። በምላሹ ባንኩ የቁማር ክፍያ ማገጃ ካለው አብራችሁ ሂዱና ያስዘጋው፤ ከሌለው የቀን የማስተላለፊያ ጣሪያውን ያስቀንስ። ደመወዙ የሚገባበትን አካውንት ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ሰው አብሮ እንዲያየው ፈቃደኛ መሆኑን ጠይቂው። እምቢ ሊል ይችላል። እምቢ ካለ የዕዳው ክፍያም እምቢ ነው፤ ሳትጮኺ፣ በዚያው ልክ።

ስለ ታሪኩ ለጠየቅሽኝ አዎ፣ አጥፍተሻል፤ ግን ጽሑፉ ገና ስላልገባ የሚስተካከል ነው። ስሙን አለመጥቀስሽ አይሸሽገውም። የማኅበርሽ ሰዎች ያውቁሻል፣ አንድ ወንድም እንዳለሽም ያውቃሉ። ለዓመታት የደበቀውን ነገር የሥራ ባልደረቦችሽ አንብበውት ቢገኝ ከእንግዲህ ላንቺ የሚነግርሽ አይኖርም። ከላይ ያልኩሽን ንግግር ካደረጋችሁ በኋላ፣ በዚያው ቀን ሳይሆን ጥቂት ሰንብተሽ፣ ጽሑፉን እንዳለ ስጪውና ያንብበው። የሚሰርዘውን ይሰርዝ። ራሱ ሊጽፈው ይፈልግም ይሆናል፤ ስለ «ጥያቄውን ሰርዝ» ቁልፍ ካንቺም ከእኔም ይበልጥ ያውቃል። የማስገቢያው ቀን ደርሶ እሱ ገና ካልወሰነ ያለ ታሪኩ አስገቢው።